ከመጋረጃው ጀርባ የነበረው ልብስ ሰፊ

የአክስቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ስፒል በከንፈሩ ይዞ ስለሠራ ጮክ ብሎ ማውራት አያውቅበትም። ደንበኛ እጁን ዘርግቶ ሲቆምለት፣ «ዞር በል... ትንሽ... በቃ፣ እንደዚያው» እያለ በሹክሹክታ ነው የሚያዘው። ከተማው በዚህ የተነሳ «ጋሽ ሹክሹክ» የሚል ስም አወጣለት። ትንሹም ትልቁም በዚሁ ይጠራዋል፤ ቅር ሲለው ግን አይቼ አላውቅም።

አክስቴ የእሱ ተቃራኒ ነበረች። የአውቶቡስ መናኸሪያው ድምፅ ማጉያ በእሷ እጅ ነበር። መስታወት በተገጠመላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የትኛው አውቶቡስ ከየትኛው በር እንደሚነሳ የምትናገረው እሷ ነበረች። ድምፅዋ ከመናኸሪያው ያልፍና ዳቦ ቤቱን፣ ፋርማሲውን፣ ትምህርት ቤቱን ያዳርሳል። ሱቁ ከመንገዱ ማዶ ስለነበር፣ ጋሼ የስፌት መኪናውን አቁሞ «ቆይ፣ ሚስቴን ልስማ» ይል ነበር እያሉ ያሙታል። አንድ ቀን እውነት መሆኑን ጠየቅኩት።

«ውሸታቸውን ነው» አለኝ። «መኪናዋ እየሮጠችም ይሰማኛል።»

ልጅ አልወለዱም። እኔ የእህቷ ሴት ልጅ ነኝ። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር እናቴ ወደ እነሱ ትልከኝ ስለነበር፣ የልጅነቴ ግማሹ ያለቀው ከጋሼ ሱቅ ወለል ላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየለቀምኩ ነው። በዚያ ቤት የምታወራው እትዬ የምላት አክስቴ ነበረች፤ የሚያስታውሰው ደግሞ እሱ። ቁልፉ የት እንደተቀመጠ፣ ጎረቤቷ ያማችው ማንን እንደነበር፣ እሷ ራሷ ጠዋት ምን ብላ እንደማለች ሁሉ ከእሱ ነው የሚጠየቀው። እሱ «እሜቴ» ይላታል፤ እሷ ደግሞ «አንተ ሰው»። ስትቆጣም ስትወድም ያው «አንተ ሰው» ነው፤ ልዩነቱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

ያገናኛቸው ቴአትር ነው። ከተማዋ በየዓመቱ የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ታደርጋለች። ትልቅ ነገር አይደለም፤ ሰው ለራሱ የሚያዘጋጀው ነው። ያኔ እትዬ ወጣት ነበረች፤ በቴአትሩ ላይ ንግሥት እንድትሆን ተመርጣ ቀሚስ ልታሰፋ ወደ ጋሼ ሱቅ መጣች። ልኳን ሲወስድ ቃሏን ትለማመዳለች። ልትለካ ስትመጣም ትለማመዳለች። ቀሚሱ እስኪያልቅ እሱም ቴአትሩን በቃሉ ያዘው። ገና ከመጀመሪያው ተዋደዳችሁ ወይ ብዬ ብጠይቃቸው፣ እትዬ «ኧረ ወገቡን አጥብቦብኝ ልገድለው ነበር» ነው ያለችኝ።

ለተዋንያን ቃል እንዲያቀብል ከመጋረጃ ጀርባ የተመደበው ፀጉር አስተካካዩ ነበር። በዝግጅቱ ቀን እሱ ሆዬ መጋረጃውን ተደግፎ እንቅልፉን ይለጥጣል። ንግሥቲቱ መሀል ላይ ቃሏ ጠፋባት። ጋሼ የተተረተረ ዘርፍ ሊጠቅም እዚያው ጀርባ ተንበርክኮ ኖሮ፣ ስፒሉን እንደያዘ ቃሏን ሹክ አላት። እሷም ተቀብላ ቀጠለች። «ያን ቀን አንዱን ስፒል ከመዋጥ ለጥቂት ነው የተረፍኩት» ይላል ሲያወራው። ከዚያ ወዲህ ያ ቦታ የእሱ ሆነ። በየዓመቱ እሷ መድረክ ላይ፣ እሱ መጋረጃ ጀርባ።

እትዬን ሕመሙ የጀመራት በሥራዋ ላይ ነው። አንድ ጠዋት ከተሰረዘ ብዙ ዘመን ስለሆነው መስመር በድምፅ ማጉያው ተናገረች። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ ቀን መንገደኞችን ወደተሳሳተ በር ላከች፤ ሰዎች ሻንጣቸውን ተሸክመው ከወዲያ ወዲህ ተተራመሱ። ደጋግሞ ሲመጣ የመናኸሪያው ኃላፊ አበባ ይዞ መጣና «እንግዲህ ይረፉ» አላት። እቤት ስትውል ደግሞ የዕቃ ስም ይጠፋት ጀመር። ማንኪያን «ያ መጨለፊያ ነገር» ትላለች። ጋሼ ከሥር ከሥር «ማንኪያ» ይላታል፤ እሷም «አዎ፣ ማንኪያ» ብላ ትቀጥላለች። ለእሱ አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዕድሜውን ሙሉ ያደረገው ይህንኑ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን ከእንቅልፏ ነቅታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አየችውና ጮኸች።

«አንተ ማነህ? እዚህ ምን ትሠራለህ? ባሌ መጥቶ እንዳያገኝህ!»

ይህንን ሲነግረኝ ሊስቅበት ሞክሮ ነበር። «ምን ላድርግ፣ ባሏን ልጥራላት ብዬ ወጣሁ» አለኝና ሳቁ እዚያው ቀረ።

ወጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። የሚሄድበት አጣ። ሻዩን አፍልቶላት ነበርና፣ በሩን ገርበብ እንዳደረገው ከውጭ ሆኖ «እሜቴ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ» አላት።

«እሺ፣ አንተ ሰው» አለች ከውስጥ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ሲኒው ሲነሳም ተሰማው።

ደስ ብሎት ዘው ብሎ ገባ። አየችውና እንደገና ጮኸች።

እኔ ይህን ሁሉ አላውቅም ነበር። በስልክ ስደውል ሁሌ «ደህና ነን» ነው የሚለው። በዚያ ዓመት ፌስቲቫሉን ለማየት፣ እግረ መንገዴንም እነሱን ለመጠየቅ ስመጣ ጋሼን ያገኘሁት ኮሪደር ላይ ነው። ከመኝታ ቤቱ በር አጠገብ በርጩማ አድርጎ፣ የሰው ሱሪ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጠቅማል፤ በመሀሉ በበሩ ክፍተት ሹክ ይላል። ከውስጥ እትዬ ትመልሳለች። ስለ ጎረቤት ድመት ነበር የሚያወሩት።

«ጋሼ፣ ምነው እዚህ ተቀመጥክ?» አልኩት።

ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና ወደ ወጥ ቤት ወሰደኝ። ነገረኝም። ፊቱን ስታይ ባዳ ነው፤ ድምፁን ስትሰማ ባሏ ነው። ስለዚህ ቀን ቀን ከበር ውጭ ይኖራል። ምግብ ሲያበላትና ሲያጥባት ግን መታየቱ አይቀርም፤ ያኔ ቃል አይወጣውም፤ እሷም ግድግዳው ላይ ተጣብቃ በፍርሃት ታየዋለች።

«ለምን እያየችህ አታናግራትም ታዲያ?»

«ሞከርኩ። ድምፁን ከየት ሰረቅከው አለችኝ።»

ከዚያ የባሰ ነገር አመጣ። በዚህም ዓመት መድረክ ላይ ልትወጣ ነው አለኝ። የቴአትር ቡድኑን የምትመራው የቋንቋ መምህሯ አመንትታ አመንትታ ትንሽ ቦታ ሰጥታታለች። መስኮት አጠገብ ወንበር ላይ የተቀመጠች እናት ናት፤ ልጇ ርቃ ልትሄድ ልትሰናበታት ትመጣለች፤ ሌላ ምንም የለውም።

እኔም ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ አንተ ትወዳታለህ ወይስ ትጠላታለህ? ሰው ፊት አውጥተህ ልታዋርዳት ነው?»

እሱ እንኳን ሊጮህ፣ ቀና ብሎም አላየኝም። ይዞት ከገባው ሱሪ ላይ ክሩን በጥርሱ በጠሰ።

«እሷ መድረክ ላይ፣ እኔ መጋረጃ ጀርባ ስሆን ሁለታችንም ቦታ ቦታችን ላይ ነን» አለ። «ቦታው የጠፋብን እዚህ ቤት ውስጥ ነው።»

ፌስቲቫሉ የሚካሄደው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ አዳራሽ ነው። ዛሬም ፀሐይ ሲመታው ግድግዳው ገለባ ገለባ ይሸታል። ከሰዓት በኋላ እትዬን ክንዷን ይዤ አስገባኋት። የተማሪዎቹ ሥዕሎች በገመድ ላይ እንደታጠበ ልብስ በመቆንጠጫ ተሰቅለዋል፤ አብዛኛው ድመት ነው፤ ድመት ያልሆነው ውሻ ለመሆን የሞከረ ድመት ነው። የፖስታ ቤቱ ኃላፊ ዓመቱን ሙሉ ያነሳቸውን የደመና ፎቶዎች ደርድሮ፣ ለሚያልፈው ሁሉ አንዱ ደመና ከሌላው በምን እንደሚለይ ያስረዳል፤ ሰዎች እሱን ሲያዩ መንገድ ይቀይራሉ። ጥግ ላይ የእሳት አደጋ ሠራተኞቹ የሙዚቃ ጓድ መሣሪያውን ያስተካክላል፤ ማስተካከሉ ከሙዚቃው ይረዝማል።

ያ እንቅልፋሙ ፀጉር አስተካካይ አርጅቶ አሁን ከእንጨት ወፍ ይቀርጻል። እትዬ ወፎቹ ፊት ቆማ ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«አይበሩም?» አለችው።

«ቀለሙ እስኪደርቅ ነው፣ እትዬ» አላት በፍጹም ቁም ነገር። እሷም ልክ ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች።

ሰው ሁሉ ሰላም ይላታል። ማንንም እንዳላወቀች አውቃለሁ፤ ግን ለሁሉም እኩል ፈገግ ትላለች። ጡረታ የወጣ ሾፌር መጣና ባርኔጣውን አውልቆ፣ «እሜቴ፣ እኔ ከየትኛው በር ልነሳ?» ብሎ ቀለደ። እትዬ ወገቧን ቀጥ አደረገች። «ከሦስተኛው በር። ትኬታችሁን በእጃችሁ ያዙ፤ ሕፃናትን አስቀድሙ» አለች በዚያ በጥንቱ ድምፅ። በዙሪያችን ያሉት አጨበጨቡ። ሾፌሩ ግን ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ወደ ደመናዎቹ ሄደ።

ቴአትሩ ሲጀምር እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። መጋረጃው ሲከፈት እትዬ መስኮቱ አጠገብ ናት። ጋሼ የሰፋላት ግራጫ ቀሚስ ልክክ ብሎላታል። ልጅቱን ሆና የምትጫወተው የፋርማሲዋ ሠራተኛ ናት። የመጀመሪያዎቹን ቃላት እትዬ አሳምራ አለቻቸው፤ ከጀርባ ሹክሹክታው ይመጣል፣ እሷ ትቀበላለች፣ እንደ ድሮው። ትንፋሼ መለስ አለ።

«እማዬ፣ እንግዲህ ልሄድ ነው» አለች ልጅቱ።

እትዬ ዝም አለች።

ከመጋረጃው ጀርባ የጋሼ ድምፅ መጣ፤ «ሂጂ፤ በሩን ግን ክፍት ተዪው።»

እትዬ አልደገመችውም። ራሷን ከልጅቱ መልሳ ወደ መጋረጃው ዞረች።

«መጣህ?» አለች።

ከጀርባ ምንም አልተሰማም።

«የት ቆይተህ ነው? መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ዓይኔ ፈሰሰ እኮ» አለች። ድምፅዋ ከመናኸሪያው እንደሚመጣው ጥርት ያለ ነበር። «ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ አለ። ክፉ ሰው አይደለም። ሾርባ ያበላኛል። ጫማዬን ያስርልኛል። ግን አላውቀውም። እኔ ባለትዳር ነኝ፤ ከማላውቀው ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እንዴት እኖራለሁ? ና ውሰደኝ በቃ።»

የፋርማሲዋ ልጅ ግራ ገብቷት እትዬ እግር ሥር ተንበረከከችና እጇን ያዘች። ከጎኔ ያለችው ሴትዮ መሐረቧን አወጣች። «እንዴት አድርጋ ትችልበታለች!» አለችኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ። ቴአትር ነው የመሰላቸው። እኔ ተነስቼ ልውጣ ወይስ ልቀመጥ ሳላውቅ የወንበሬን ጠርዝ ይዤ ቀረሁ።

ቆይቶ ሹክሹክታው መጣ። ከፊት ረድፎች ያለን ብቻ የሰማነው ይመስለኛል።

«እመጣለሁ፣ እሜቴ። ሥራ ይዞኝ ነው።»

«እሺ» አለች።

«እስከዚያ ሽማግሌውን አትፍሪው። እኔ ነኝ የላክሁልሽ።»

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ መጀመሪያውኑ እንዲህ አትለኝም ነበር፣ አንተ ሰው!» አለች ያንን የድሮ ቁጣዋን ተቆጥታ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። እሷም ወደ ልጅቱ ዞር ብላ ጉንጯን ዳሰሰቻት። «ሂጂ እንጂ ልጄ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ሹራብሽን ደርቢ፤ ውጭ ብርድ ነው» አለቻት። ይህ ተውኔቱ ውስጥ የለም። መምህሯ መጋረጃውን አዘጋችው። ጭብጨባው እስኪበቃ ጊዜ ወሰደ።

ወደ ጀርባ ስሄድ ጋሼ የጠርሙስ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። የተውኔቱ ወረቀት መሬት ወድቋል።

«ሰው ሰማ?» አለኝ።

«ቴአትር ነው የመሰላቸው።»

«እሰይ» አለ። ወረቀቱን ከመሬት አነሳና፣ «እስከ ዛሬ የረሳችኝ ነበር የመሰለኝ» አለኝ። «ለካ እየጠበቀችኝ ነው። እኔ ነኝ መምጣት ያቃተኝ።» ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሲያለቅስም እንደ ወትሮው ድምፁ አልወጣም።

ከዚያ ቀን በኋላ እትዬ አልጮኸችበትም። ድምፁ ነግሯታልና ሽማግሌውን ተቀበለችው። በርጩማው ከኮሪደሩ ተነስቶ አልጋዋ አጠገብ ገባ። ፀጉሯን ሲያበጥራት ዝም ብላ ትቀመጣለች። አሁን እያያት ሲያናግራትም ድምፁን ሰረቅከው አትለውም፤ የላከህ ሰው ዘመድ ነህ መሰለኝ ትለዋለች። እሱም አዎ ይላታል። ጋሼ የራሱ መልእክተኛ ሆኖ ኖረ።

አንድ ቀን ሾርባውን እየጠጣች፣ «ባሌ አሁን ምን ይመስላል? አርጅቷል?» ብላ ጠየቀችው።

«ትንሽ» አላት።

«ምስኪን» አለችና አፏን ለማንኪያው ከፈተች።

ብርዱ ሲገባ ሳንባዋ ታመመ። የመጨረሻዋ ቀን እኔ አልደረስኩም፤ የነገረኝ እሱ ነው። ከቀትር በኋላ ነበር፤ መስኮቱ ላይ ፀሐይ ነበረች። ትራሷን ሲያስተካክልላት እጁን ያዘችው።

«ሲመጣ ጠብቃህ ነበር በለው» አለችው። «ትንሽ እንቅልፍ ወሰዳት በለው።»

«እነግረዋለሁ» አላት።

በቀጣዩ ዓመት መምህሯ ጋሼን እንደገና ከመጋረጃ ጀርባ እንዲቀመጥ ለመነችው። ጉሮሮዬን ያመኛል ብሎ አልፈቀደም። ለፌስቲቫሉ ስመጣ ግን ኮቱን ለብሶ በር ላይ ጠበቀኝ፤ አብረን እንደ ማንኛውም ጎብኚ ገባን። የደመናዎቹን ማብራሪያ እስከ መጨረሻው ቆሞ የሰማ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ቴአትሩ ሲጀምር ከፊት ተቀመጥን። ቴአትርን ከፊት ለፊት ሲያይ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነበር። ታሪኩን አልተከተለም፤ ከአንዱ ተዋናይ ወደ ሌላው ዓይኑን ሲያንከራትት አየዋለሁ።

«ፊታቸው ላይ ይኼ ሁሉ ነገር አለ እንዴ?» አለኝ።

ሲያልቅ ሰው ወጣ፤ እኛ ተቀምጠን ቀረን። ወንበር የሚሰበስቡት ሰዎች አልፈውን ሄዱ።

«አክስትሽ ስትጫወት ፊቷ ምን ይመስል ነበር?» አለኝ። «እኔ የማየው ጀርባዋንና አንድ ጆሮዋን ነበር።»

የቻልኩትን ነገርኩት። ልትቆጣ ስትል መጀመሪያ የግራ ቅንድቧ እንደሚነሳ፤ የምታለቅስበት ቦታ ላይ የምር እንባ እንደሚመጣና ሳትጠርገው እንደምትተወው፤ ሰው ሲስቅላት እንዳትስቅ ከንፈሯን እንደምትነክስ። «ደግሞ አንድ ነገር ነበራት» አልኩት። «በመሀል በመሀሉ ወደ መጋረጃው አየት ታደርግ ነበር። ያኔ ፊቷ ዕርፍ ይላል።»

«ቃል ጠፍቷት ይሆናላ።»

«አይደለም ጋሼ። ቃሏን ከጨረሰች በኋላ ነው።»

የኮቱን ቁልፍ በጣቱ አሽከረከረ። የሙዚቃ ጓዱ ከውጭ መሣሪያውን ማስተካከል ጀምሯል።

«እስቲ ደግመሽ ንገሪኝ» አለኝ።

ደግሜ ነገርኩት።